ማሪኖ ዛሬም ሁለተኛ ወጣ

"ተጠጋው! አባዬ፣ ተጠጋው! የኋላ ጎማውን ሊነካው ነው!" ዘላለም ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ጮኸ።

በቴሌቪዥኑ ላይ ማንም ማንንም አልተጠጋም። ቀይዋ ሞተር ከፊት ትሄዳለች፤ ሌሎቹ በየቦታቸው ሆነው ይከተሏታል። ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። እስከ መጨረሻው ዙርም እንዲሁ እንደሚሆኑ ዘላለምም፣ ነጂዎቹም፣ ሜዳው ዙሪያ ፀሐይ የሚመታቸው ተመልካቾችም ያውቃሉ።

"በየት በኩል ነው የሚገባበት?" አሉ አባቱ አቶ ገብረመድኅን። ሶፋው ጫፍ ላይ ወደፊት ዘንበል ብለው ተቀምጠዋል። ሁለት እጆቻቸው አየር ላይ የሞተር መሪ ጨብጠዋል። "በውስጥ ነው በውጭ?"

"በውስጥ። ፍሬን አዘግይቷል።"

"ያዘገያል እንጂ! ልጆቹ ፈርተው ቀድመው ይይዛሉ። እሱ ግን መታጠፊያው አፍንጫው ሥር እስኪደርስ ይጠብቃል። ያ ዕድሜ ነው፣ ዘላለም። ዕድሜ የሚጠቅምበት ቦታ ቢኖር እዚያ ላይ ነው።"

"አለፈው!"

"አለፈው?"

"አለፈው አባዬ! ማሪኖ ሁለተኛ ነው!"

ሽማግሌው ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። ካፈጠጡት ግን ከማያዩት ዓይኖቻቸው እንባ ወጣ። የዘላለም ሚስት ልደት በግማሽ የተላጠ ሽንኩርት ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ቴሌቪዥኑን አየች፤ ቀጥላ ባሏን አየች፤ ከዚያ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ቀደም ሲል "ተው" ትለው ነበር። አሁን ማለቱም ሰልችቷታል።

ማሪኖ የሚባል ተወዳዳሪ በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። ጣሊያናዊው ማሪኖ አምና፣ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ፣ ሄልሜቱን አውልቆ፣ አልቅሶ፣ ተጨብጭቦለት ሞተር መንዳት አቁሟል። አሁን የት እንዳለ ዘላለም አያውቅም። ምናልባት አገሩ ገብቶ የወይን ተክሉን ይኮተኩታል። በሐረር፣ ከሸዋ በር በላይ ባለች አንዲት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ግን ማሪኖ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ ይወዳደራል። ባለፈው ሦስተኛ ወጥቷል። ዛሬ ሁለተኛ ሊወጣ ነው።

ይህ ሁሉ የተጀመረው በክፋት አይደለም። አቶ ገብረመድኅን ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነበሩ። ጎርፍ የት መንገድ እንደሰበረ፣ ድንጋይ የት እንደተናደ ለማየት እስከ ጅጅጋ ድረስ በሞተር ተመላልሰዋል። ጡረታ ሲወጡ ሞተሯን ለመሥሪያ ቤቱ መለሱ፤ ፍቅሯን ግን ይዘው ቀሩ። የሞተር ውድድር በቴሌቪዥን ማየት የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። አባትና ልጅ ስለ ሌላ ነገር ብዙ አያወሩም ነበር፤ ስለ ሞተር ግን አምሽተው ያወሩ ነበር። ከዚያ ግላኮማ መጣና ዓይናቸውን ወሰደው።

በመጀመሪያው ዓመት ዘላለም ያየውን ነው የተረከላቸው። የእንግሊዝኛው ንግግር እንዳይለይ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል፤ የሞተሮቹ ድምፅ ብቻ እንዲሰማ ይተወዋል፤ በዚያ ላይ በአማርኛ እሱ ይናገራል። ጥሩ ተራኪ ነበር። ችግሩ ውድድሩ የሚተረክ ነገር ማጣቱ ነው። ሞተሮቹ ክንፍ አወጡ፤ ኮምፒዩተር ገባባቸው፤ ፍጥነታቸው ጨመረ። ከፊት ያለው ሞተር የሚያምሰው አየር የተከታዩን የፊት ጎማ ያግለዋል፤ ተከታዩም ልቅደም ቢል እንደሚወድቅ ስለሚያውቅ ርቀቱን ጠብቆ ይከተላል። ቅዳሜ በማጣሪያው ፊት የተሰለፈ እሁድም ፊት ሆኖ ይጨርሳል። ይህንንም የሠሩት መሐንዲሶች ናቸው፤ ሽልማትም ተቀብለውበታል።

"አሁንስ?" ይላሉ አባቱ።

"እየዞሩ ነው።"

"አሁንስ?"

"ያው እየዞሩ ነው አባዬ።"

አንድ እሁድ አቶ ገብረመድኅን በውድድሩ መሃል አንቀላፉ። ሲነቁ፣ "ዝጋው በቃ። ከዓይኔ ጋር እሱም ሞተ ማለት ነው" አሉ። ያን ቀን ራት አልበሉም፤ በማግስቱም ከአልጋቸው ለመነሳት ረፈደባቸው። ዘላለም በሚቀጥለው ውድድር አንድ መቅደም ጨመረ። አንዲት ብቻ፣ ለአምስተኛ ቦታ። አባቱ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑ ዘላለምን ራሱን አስገረመው። ማሪኖ ሲያቆም ነገሩን ለመንገር አስቦ ነበር፤ ግን አባቱ ለአዲሱ የውድድር ዘመን እንደ ልጅ ሲጠባበቁ አየና ሳምንቱን አሳለፈው። ከዚያ በኋላማ ምን ብሎ ይጀምራል?

እስካሁን ያልተነቃበትም ውድድሩ ራሱ ስለሸፈነለት ነው። ድሮ በሸዋ በር ሻይ ቤቶች እሁድ ከሰዓት በኋላ ሞተር ይታይ ነበር። አሁን ሰዉ ሁሉ አሸናፊው ሳይነሳ የሚታወቅ ነገር ለምን እናያለን ብሎ ወደ ኳስ ዞሯል። ሽማግሌው በየማለዳው የሚሄዱባት የሐጂ ሐምዛ ሻይ ቤት ሳትቀር ኳስ ቤት ሆናለች። ስለ ሞተር የሚያወራ ሰው ጠፋ፤ የዘላለም ውሸትም ዕድሜ አገኘ።

ውድድሩ አለቀ። ቀይዋን ሞተር የሚነዳው ስፔናዊ እንደ ልማዱ አንደኛ ወጣ። አቶ ገብረመድኅን ተነሱና ኮታቸውን ከመስቀያው አወረዱ።

"ወዴት ነው?" አለ ዘላለም።

"ሐምዛ ጋ።"

"ጠዋት ሄደህ የለ እንዴ? ፀሐይ ነው፣ አባዬ።"

"እና ይህን ለነገ ልያዘው? ያ ከሐዲ፣ ሞተር ሞተ ብሎኝ ኳስ ከፈተ። ማሪኖ በዚህ ዕድሜው ሁለተኛ ወጣ ብዬ ፊት ለፊት ልነግረው ነው።"

በትራቸውን ይዘው ወጡ። ዘላለም አልተከተላቸውም። መንገዱን ከእሱ በላይ ያውቁታል። የቱ ጋ ድንጋይ እንዳለ፣ የቱ ጋ ቱቦው እንደተከፈተ በእግራቸው ለይተውታል። እህቱ ነፃነት ግን ይህን መውጣትና መግባት አትወደውም። ባለፈው ክረምት አባታቸው ተንሸራትተው ሲወድቁ ከድሬዳዋ እየበረረች መጥታ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቷ ወስዳ ልታኖራቸው ብላ ነበር። ሽማግሌው ለመኗት። ሐረርን ከወሰድሽብኝ ምን ይቀረኛል አሏት። ዘላለምም አብሮ ለመነ።

"ዓይኑ ነው የጠፋው እንጂ አእምሮው ሙሉ ነው" አላት።

"እሺ" አለችው ነፃነት። "አእምሮው እስካለ ድረስ እዚሁ ይኑር። የተምታታበት ቀን ግን አልለምንህም። መጥቼ እወስደዋለሁ።"

ልደት ሽንኩርቱን ጨርሳ እጇን እያደራረቀች ወጣች።

"ወዴት ሄዱ?"

"ሐጂ ሐምዛ ጋ። ስለ ማሪኖ ሊነግራቸው።" ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ አልመጣለትም። "ኳሱ ላይ ናቸው፤ ማንም አይሰማውም።"

"ዛሬ እኮ ኳስ የለም" አለች ልደት።

"እንዴት የለም?"

"ብሔራዊ ቡድኖች ናቸው አሉ፣ ክለቦቹ አርፈዋል። ቅድም ዘይት ልገዛ ስወርድ ሐጂ ሐምዛ ቤት ሞተሩን ከፍተውት አይቻለሁ። ሰው ሞልቷል።"

ዘላለም በነጠላ ጫማ ወጣ።

የሸዋ በር ገበያ እሁድም አይተኛም። የሚኒባስ ረዳቶች "ድሬ! ድሬ!" እያሉ ይጣራሉ፤ ከገጠር የመጡ ሴቶች ያልተሸጠ ድንችና ቃሪያቸውን በማዳበሪያ እየሰበሰቡ ነው። ዘላለም በመሃላቸው ተሹለክልኮ የሻይ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ፣ የአባቱ ድምፅ ቀድሞት ውስጥ ነበር። መጋረጃውን ይዞ ቆመ።

አቶ ገብረመድኅን ከቤቱ መሃል በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ዙሪያቸውን በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ከሃያ የማያንሱ ሰዎች አሉ፤ የባጃጅ ነጂዎች፣ ጫት ነጋዴዎች፣ የሚያርፉ ሽማግሌዎች። ባለቤቱ ሐጂ ሐምዛ ኮፍያቸውን ወደኋላ ገፋ አድርገው ይስቃሉ።

"ወላሂ ገብሬ፣ እኔ እንቅልፌ ነው የመጣው" አሉ ሐጂ ሐምዛ። "ተነሳሁ፤ የዐስር ሶላት ሰገድኩ፤ ተመለስኩ። አንድም ሰውዬ ቦታ አልቀየረም! ይሄ ውድድር ነው? የቀብር ሰልፍ እንኳ አንዳንዴ ይቀዳደማል።"

ቤቱ ሳቀ።

"አንተ ድሮም አታይም" አሉ አቶ ገብረመድኅን፣ እሳቸውም እየሳቁ። "ዓይን አለህ እንጂ አታይም። እኔ ዓይን የሌለኝ ሰውዬ አይቻለሁ። መጨረሻው ዙር ላይ በውስጥ በኩል ገብቶ ሲያልፈው የት ነበርክ?"

"ማን?"

"ማን ይሆናል? ማሪኖ ነዋ!"

አንዱ የባጃጅ ነጂ፣ ሰዒድ የሚባለው፣ ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ። በዚያ ሰፈር ሞተር በደንብ ይከታተል የነበረ እሱ ነው።

"ጣሊያኑ ማሪኖ፣ አባባ?"

"ስንት ማሪኖ አለ?"

"እሱማ አቆመ እኮ። አምና ነው ያቆመው። አላህን፣ ሲሰናበት እዚሁ ቤት ነው ያየነው።"

"ምን አቆመ ትለኛለህ?" የሽማግሌው ሳቅ ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር መጣ። "ዛሬ ሁለተኛ ወጣ እያልኩህ! ባለፈው ሦስተኛ ነበር። ዝናብ ላይ፣ ሁሉም ጎማ ሊቀይር ሲገባ እሱ ሳይቀይር ጨርሶ። ከዚያ በፊት ደግሞ ወድቆ ተነስቶ ስድስተኛ ወጥቷል። አላያችሁም?"

ከኋላ አንዱ ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ ሌላው ተቀበለው። ሐጂ ሐምዛ ዞረው፣ "ዝም በሉ! አታፍሩም?" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከሳቁ ጸጥታው ከፋ። ሰዒድ ስልኩን ከፍቶ የውጤቱን ዝርዝር ለሐጂ ሐምዛ አሳያቸው። ሐጂ ሐምዛም ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለታመመ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ፣

"ገብሬ፣ ና ተቀመጥ ወንድሜ። ሆጃ ከወተት ጋር አፍልተናል፤ ትኩሱን ልቅዳልህ" አሉ።

"ሆጃ መች ጠየቅኩህ!" አቶ ገብረመድኅን በበትራቸው ወለሉን መቱ። "ማሪኖ ዛሬ አልተወዳደረም ነው የምትሉኝ? ተሰብስባችሁ በዓይነ ስውር ልትቀልዱ ነው?"

"ቀልድ አይደለም። አላህ ይመስክር፣ አልቀለድንም።" ሐጂ ሐምዛ ቀና ሲሉ መጋረጃው ሥር ዘላለምን አዩት። ፊታቸው ላይ እፎይታ መጣ። "ያውልህ፣ ልጅህም መጥቷል። ዘላለም፣ እስቲ አንተ ንገረው።"

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አባቱም ፊታቸውን ወደ ደጃፉ አዞሩ፤ ልጃቸው ያድነኛል የሚል ፊት ነበር።

"ዘላለም" አሉ፣ "ንገራቸው።"

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት ማለት ብቻ። ዘላለም ሰዒድን አየ፤ ነገ ባጃጁን ሊያሠራ ዘላለም የሚሠራበት ጋራዥ ይመጣል። ጫት ነጋዴዎቹን አየ። የገዛ አባቱን፣ ዓይነ ስውር አባቱን፣ ከዓመት በላይ ሲያሞኝ የኖረ ሰው ሆኖ በነሱ ፊት ሲቆም ታየው። ይህን ሁሉ ለማየት የፈጀበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ ግን በቂ ነበር።

"አባዬ" አለ፣ "እንሂድ። ደክሞሃል።"

የአባቱ ፊት ተዘጋ። ሐጂ ሐምዛ ለራሳቸው "ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ፤ ኃይል የአላህ ብቻ ነው" አሉ። ሰዒድ ተነስቶ የሽማግሌውን ትከሻ ቀስ አድርጎ ነካ። ቅድም የሳቁት ሰዎች እንኳ ሻያቸው ውስጥ አቀረቀሩ። በዚያ ቤት ውስጥ ዘላለምን የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲያውም አዘኑለት።

ወደ ቤት ሲወጡ አቶ ገብረመድኅን ክንዱን ይዘው ነበር። ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ያዙት። በትራቸው መሬቱን መዳሰስ ትታ ትጎተታለች። ግማሽ መንገድ ላይ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ቢሲዲሞ" አሉ። "ባቢሌ። ዳካታ። ቦምባስ። ፋፈን። ጅጅጋ።"

"ምን አልክ አባዬ?"

"ዝም በል። ልያዘው።" እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከጅጅጋ ወደ ሐረርም ተመለሱበት፤ አንድም ከተማ አልዘለሉም። ከዚያ የድሮ አለቆቻቸውን ስም በየተራ ጠሩ፤ የሞተሯን የሰሌዳ ቁጥር ጠሩ፤ የሟች ሚስታቸውን የልደት ቀን ጠሩ። አንድም አልተሳሳቱም። እየተሳካላቸው በሄደ ቁጥር ድምፃቸው እየፈራ ሄደ።

ቤት ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ኮታቸውን አላወለቁም። ልደት ውኃ አምጥታ ሰጠቻቸው፤ ብርጭቆውን ሳይጠጡ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ዘላለም።"

"አቤት።"

"ይህን ሁሉ አልረሳሁም። የረሳሁት ነገር የለም። ታዲያ ማሪኖን ከየት አመጣሁት?"

ዘላለም ወደ ሶፋው ቀረበ።

"ዝናቡን ሰምቻለሁ። ሲወድቅ ሰምቻለሁ። አንተ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ወይስ አንተም አልጮህክም? ቁጭ ብዬ ብቻዬን ነው የማወራው?" ብርጭቆው አዘነበለና ውኃው ኮታቸው ላይ ፈሰሰ። "እውነቱን ንገረኝ ልጄ። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው አሉ። የሌለ ድምፅ ይሰማል አሉ።"

ልደት ብርጭቆውን ከእጃቸው ወስዳ ባሏን አየችው። በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ አስተያየት አይቶ አያውቅም።

"ጮኼያለሁ አባዬ" አለ ዘላለም። "የሰማኸውን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሪኖ አምና አቁሟል። ማንም ማንንም አያልፍም፤ እኔ ነኝ የማሳልፋቸው።"

ዘላለም መሬቱ ላይ፣ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ። ሽማግሌው እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አላደረጉም፤ አልገፉትምም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዝጋው ካልከኝ በኋላ። ከዓይኔ ጋር ሞተ ያልክ ጊዜ።"

"ዝናቡስ?"

"ፀሐይ ነበር።"

"ልደት ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"እና ዛሬ ማን አሸነፈ?"

"ስፔናዊው።"

"ከየት ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው መታጠፊያ።"

"ከዚያ በኋላ ማንም ቦታ አልቀየረም።"

"አልቀየረም።"

"ስለዚህ ሐምዛ ልክ ነው" አሉ አቶ ገብረመድኅን። "ሐምዛ ያየውን ተናገረ። እኔ ሄጄ ዓይን የለህም አልኩት።"

"ለአንተ ብዬ ነው፣ አባዬ። ደስ ሲልህ ማየት ነበር የፈለግኩት።"

"ገብቶኛል። ለእኔ ብለህ ነው።" ድምፃቸው አልጨመረም። "ሐምዛ ደጃፍ ላይስ? ንገራቸው ስልህ? ደክሞሃል ያልከኝ ለማን ብለህ ነው?"

ዘላለም ጉልበታቸውን ለቀቀ።

"ውሸቱን እችለው ነበር" አሉ ሽማግሌው። "አንድ ቀን ምናልባት አብረን እንስቅበት ነበር። ግን እየሳቁብኝ አየኸኝ፣ ዘላለም። መሃላቸው ቆሜ አየኸኝና ጥፋቱን አእምሮዬ ላይ ጣልከው። ነገ መንገዱ ባዶ ነው፣ ተሻገር ብትለኝ እኔ በምን ልብ ነው የምሻገረው?"

ዘላለም ማልቀስ ጀመረ። ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው፤ ግን አሁን ለማን እንደሚጠቅም እሱም አላወቀም።

ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ጮኸ። ልደት አንስታ አየችው።

"ነፃነት ናት" አለች።

ዘላለም እንባውን በእጁ ጠርጎ ተቀበላት። ገና ጆሮው ላይ ሳያደርገው የእህቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

"ሐጂ ሐምዛ ደወሉልኝ። አባዬ ምን ሆነ? የሌለ ሰው አየሁ ብሎ በሰው ፊት ሲከራከር ነበር አሉኝ። እየፈሩ ነው የነገሩኝ፣ ምስኪን። ለምንድን ነው የምትደብቀኝ ዘላለም? መቼ ነው የጀመረው?"

"ነፂ፣ ስሚኝ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም…"

"ስልኩን ስጠኝ" አሉ አቶ ገብረመድኅን።

"አባዬ፣ እኔ ልንገራት። ሁሉንም እነግራታለሁ። አሁኑኑ።"

"ስጠኝ አልኩህ።"

ሰጣቸው። ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስተካክለው ያዙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ደህና ነሽ ልጄ? … አዎ። … አዎ፣ እውነት ነው። ተምታታብኝ። … አይ፣ ሐምዛን አትቆጪው፤ ደግ አደረገ። … ከሰሞኑ ነው። ስሞች ይጠፉብኛል።"

"አባባ!" አለች ልደት። "እንደሱ አይበሉ! እርስዎ ምን ሆነዋል?"

በእጃቸው ዝም አሰኟት። "እሺ። ነገ ነይ። … እመጣለሁ። አልከራከርሽም። … ሙቀቱንም እለምደዋለሁ።"

ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑትና ፊታቸውን ዘላለም ወዳለበት አዞሩ።

"ይህን ነገር ለእሷም፣ ለሐምዛም፣ ለማንም አትናገርም" አሉት። "ገብረመድኅንን የገዛ ልጁ ሲጫወትበት ከረመ ከሚባል፣ ገብረመድኅን አረጀ ቢባል ይሻለኛል። አርጅቶ መሄድ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ነው። እዚህ ቀርቼ ደግሞ አንተን እየሰማሁ መኖር አልችልም።"

"አባዬ፣ ሐረርን ትተህ? አራተኛ ፎቅ ላይ? እዚያ እኮ ደጅ አትወጣም።"

"አውቃለሁ።" ስልኩን ዘረጉለት። "ትጠይቅሃለች። እንዳልኩት በላት።"

ዘላለም ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገው። ከወዲያኛው ጫፍ እህቱ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

"ዘላለም? እውነት ነው? እየተምታታበት ነው?"

ልደት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ራሷን ወደ ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች፤ አይሆንም፣ አትበል። አባቱ አገጫቸውን ቀና አድርገው እያዳመጡ ነው። እውነቱ በዘላለም አፍ ላይ ነበር። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረው። አብሮት ደግሞ ሌላ ስሜት መጣ፤ በዚህ ነገር ከሰዒድም፣ ከሐጂ ሐምዛም፣ ከእህቱም ፊት ንጹሕ ሆኖ መቅረቱ፣ መገላገሉ። ያ መገላገል ራሱን አስጠላው።

"እውነት ነው፣ ነፂ" አለ። "ከሰሞኑ ይረሳል።"

"ወይኔ አባቴን" አለች ነፃነት። "ነገ ጠዋት እመጣለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። አቶ ገብረመድኅን ከሶፋው ተነስተው በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ መኝታ ክፍላቸው ሄዱ። ዘላለም ክንዱን ሊሰጣቸው ተከተላቸው።

"አንተ ተቀመጥ" አሉት፣ ሳይዞሩ። "ልደት፣ ነይ ልብሴን አብረን እናውጣ። የቱ ንጹሕ እንደሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ።"